ተራ ቁጥር ሰባት

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቀበሌው ጓሮ፣
የማዳበሪያ መጋዘን ነበረ፤ እኛ ገባን ዘንድሮ።
ግድግዳው እስካሁን ዩሪያ ይሸታል፣
ዝናብ ሲመጣማ ሽታው ይበረታል።
አንድ ጠረጴዛ አለ፣ አንድ እግሩን ጡብ የደገፈው፣
አንድ ሰማያዊ መዝገብ፣ ጠርዙን አይጥ የቀረጠፈው።

እኔ ነኝ ጸሐፊው፤ ማንም አልቀጠረኝ፣
“ጽሕፈትህ ያምራል” የሚል የእትዬ አንሻ ቃል ነው እዚህ ያስቀረኝ።
ከዚያ በፊት ፒያሳ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ፣
“የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት” የሚል ፍለጋ፣ አንዱን ወረቀት ደጋግሜ
ሳነብ ስኖር፣
ለፎቶ ኮፒ ያወጣሁት ቢጠራቀም አንድ በግ ይገዛ ነበር።

ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ቁጥር፣ የተማሩት ነገር፤
“ምን መሥራት ትችላለህ?” ስል ብዙው ሰው ሲደናገር
“ምንም” ይለኛል። እኔም አልጽፍለትም፤
ትንሽ ካዋራሁት፣ ምንም የማይችል ሰው የለም።
አንዱ የሰፈሩን ሬዲዮ በሙሉ ፈትቶ ገጥሞ ያውቃል፣
ሌላው ሰኞ ገበያ በጉን በዓይኑ አይቶ ከሚዛን ይልቃል።
“ይሄም ሙያ ነው እንዴ?” ሲሉኝ፣ “ነው እንጂ!
ስም ሳታወጡለት ያደገ የእጃችሁ ልጅ።”

ሌላ ቤት ስም ሲሰረዝ ልብ ይደነግጣል፤
ወይ ከእድር ተባሯል፣ ወይ ከስንዴው ዝርዝር ወጥቷል፣
ወይ ደግሞ...
እዚህ ግን በቀይ ቢክ ስትሰረዝ፣
እሰይ ነው፣ ቀንቶሃል፤ በል ሻይ እዘዝ!

ዐሥራ ሁለት፣ አወል፣ ብየዳ ተምሮ፣
ሆጤ በር ይሠራል፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል ከብልጭታ ጋር ኖሮ።
ሠላሳ አንድ፣ ደምሌ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣
የራሳችንን ቧንቧ ጠግኖ፣ “ክፈሉ” አለን። ከፈልን እኛ።

አርባ ሦስት፣ ሉባባ።
ልብስ ስፌት አራት ወር፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣
ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ የቀኝ እጅጌ ብቻ።
ግራውን የሚሰፋው ማን እንደሆነ አታውቅም፤
በደወለች ቁጥር፣ “ሙሉ ሸሚዝ አይቼ አላውቅም።”
ስሟን ስሰርዝ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
(ምክንያት የሚል ዓምድ የለም፤ ልቤ ዋጠ።)

ሐምሌ ገባ። ጦሳ ጉም ተከናንቦ ሲተኛ፣
የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ሚኒባስ አራገፈ፤ አራት ልጆች፣ ሉባባ አራተኛ።
“ትእዛዝ ቀንሷል አሉን።
ስልካችሁን አታጥፉ፣ እንጠራችኋለን አሉን።”
መዝገቡን ገለጥኩት። በቀይ የተሰረዘ ስም
እንዴት ይመለሳል? ለዚህ የተሰመረ ቦታ የለም።
በላዩ ብጽፍ ይቆሽሻል፤ አዲስ ቁጥር ብሰጣት፣
ያ ሁሉ እጅጌ የት ገባ? እንዴት ከዜሮ ላስነሣት?

እትዬ አንሻ መዝገቡን ከድና አካፋ ሰጠችን፤
“ማዘኑ ለነገ ይደር” አለችን።
የክረምት በጎ ፈቃድ፤ የጋሽ ይማም ቤት፣ ከገደሉ አፋፍ፣
ቆርቆሮው ወንፊት ሆኖ፣ አልጋው የቀረው መንሳፈፍ።
አወል ምስማር አመጣ፤ ደምሌ አሸንዳ ገጠመ፤
የሉባባ መርፌ መጋረጃውን፣ ቀኝ ግራውን፣ ከዳር እስከ ዳር ፈጸመ።
“ሙሉ ነገር ሰፋሁ” ብላ ሳቀች፤
ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጭቃ ረግጠን ስናበቃ ጋሽ ይማም ጠየቁን፤
“ስንት ይከፍሏችኋል?” “ምንም።” ቆይተው አዩን፤
“እንግዲያ ዱዓዬን ያዙ፤ እሱ እንኳ ግብር የለበትም” አሉን።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን፣
ሉባባ መዝገቡን ሳበች፤ ገለጠች መጀመሪያ ገጹን።
ተራ ቁጥር ሰባት፦ የእኔ ስም፤ ታሪክ፣ ዲግሪ፤ ያልተሰረዘ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ቀለሙ የፈዘዘ።
“አንተስ?” አለች። ቀይ ቢክ አነሣች፤ አልሰረዘችም፤
“ሥራ” ከሚለው ሥር “ስም ጠባቂ” ብላ ጻፈች፤ ሌላ አላለችም።
ጎኑ “ደመወዝ” ይላል። ቢኩ እዚያ ደርሶ ቆመ፤
ከጣሪያችን አንድ ጠብታ ወርዶ
ባዶውን ሳጥን አተመ።